አዎ በለውና አሰናብተው

በአባቴ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር። ድምፅ እየተቀዳ ሳለ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ዓይነት መስኮት ብቅ ቢል አይነበብም፣ አይመረመርም፤ አዎ ተብሎ ይሰናበታል። ሕጉ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። አንዴ አንድ ተራኪ ረጅም ምዕራፍ አንብቦ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ መልስ ያጣ መስኮት «ቲን!» ብሎ ጮኸና ቀረጻው ውስጥ ገባ። ተራኪው በማግስቱ ያቺን ገጽ ሊደግም ሲመጣ ጉንፋን ይዞት ነበር። መጽሐፉን ያዳመጠ ሁሉ መጨረሻው ላይ ሌላ ሰው የገባ መሰለው። ከዚያ ወዲያ አባዬ ሰው አጠገቡ በተቀመጠ ቁጥር «ምንም ቢልህ አዎ በለውና አሰናብተው» ይላል። እኛም ለመድነው።

ስቱዲዮው ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ተራኪው ማይክ ፊት ይቀመጣል፤ በሌላው፣ ከመስታወቱ ወዲህ፣ አባዬ እጀታው በተላጠ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። እኔ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ የተቀዳውን እቆራርጣለሁ፣ የትንፋሽና የምራቅ ድምፅ አጸዳለሁ። የመጨረሻውን ቅመም የሚጨምረው ግን እሱ ነው፤ የቱ ድምፅ ይውጣ፣ የቱ ይውረድ የሚለውን። ደንበኞች ጋሽ ጆሮ ይሉታል። በመስታወት ማዶ የሰው ሆድ ሲጮህ ሰምቶ «አንተ ምሳ ሳትበላ ነው የመጣኸው፤ ሂድ ብላና ና» ብሎ የመለሰው ተራኪ እስከ ዛሬ ያወራዋል። «ጆሮዬ ያለቀ ቀን ወንበሩን ማንም ሳይነግረኝ እለቃለሁ» ይል ነበር፤ ሲለው ግን ማንም ከምሩ አይወስደውም።

አንድ ቀን ጥርሱን ሊነቀል ሄደና እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለደንበኛ የሚላክ ከባድ ፋይል ነበረ። ፋይሉ እስኪሄድ ልቆይ ብዬ የዜና ገጽ ከፈትኩ። በስተቀኝ በኩል አንድ ሽበታም ሽማግሌ ጥርሱን አግጥጦ ይስቃል። ጆሮው ሥር የሰው ቆዳ የመሰለ ትንሽ ነገር ተለጥፏል። «መስማት እየከበደዎት ነው?» ይላል ከሥሩ። የሚስቅ ሽማግሌ ያለበት ማስታወቂያ ድሮም ያስጠላኛል፤ መድኃኒት ሲሸጡም፣ ፍራሽ ሲሸጡም ያው ሽማግሌ ነው የሚስቀው። ዘጋሁትና ጫማ ልይ ብዬ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሽማግሌው ቀድሞኝ ደርሷል። የሙዚቃ ቪዲዮ ከፈትኩ። ከሙዚቃው በፊት ማር የተቀባ የሴት ድምፅ በእነዚያ ትላልቅ የስቱዲዮ ስፒከሮች ክፍሉን ሞላው፦ «ሰዎች ሲያወሩ የሚያጉረመርሙ ይመስልዎታል? ብቻዎን አይደሉም!»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አልኩ በልቤ። ማን ጠራሽ?

ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። በስልኬ ላይ ይህን ሽማግሌ አይቼው አላውቅም። በዚህ ኮምፒውተር የሚሠሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ የአባዬ ሥራ ጫፉ ይወጋ ነበር። «ሰ» እና «ሸ» በተባለ ቁጥር ጆሮ ውስጥ መርፌ የሚሰካ ይመስል ነበር። እኔ ስፒከሮቹ አርጅተው ነው ብዬ፣ ቅር እንዳይለው ሳልነግረው፣ ፋይሉን ከመላኬ በፊት ዝቅ አደርገው ነበር። ለካ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ስለማይሰማው ነው። ሰሞኑን ድምፅ የሚያዋሕድበትን መስኮት ወደ ቀኝ እየጎተተ የስክሪኑን ጎን የሚሸፍነውም ለዚሁ ነው፤ ሽማግሌውን እንዳላይበት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል፣ የእኔ አባት።

ያ ሁሉ ይቅርና በዚያው ሳምንት የሚመጣ ትልቅ ሥራ ነበረ። አንዲት አሳታሚ ዓመት ሙሉ የሚቀዳ የልጆች መጻሕፍት ይዛ፣ «በጋሽ ጆሮ እጅ ካልሆነ አልሰጥም» ብላ ልትመጣ ነው። ደንበኛ የሚቀመጥባት ሶፋ ደግሞ ከአባዬ ወንበር ጀርባ ናት፤ ፊቷ ስክሪኑ ነው። ያ የሚያገጥ ሽማግሌ ብቅ ቢል አሳታሚዋ ምን ትላለች? ለጆሮው ብላ የመጣችለት ሰው ጆሮው እንዳለቀ የሚነግራት ማስታወቂያ ነው ማለት ነው። አባዬ ደግሞ አፍሮ እዚያው ወንበሩን ይለቃል፤ አውቀዋለሁ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ጢም አብቅሎ፣ እስከ አሁን ማሙሽ ነው የምንለው። ሥራው ለሱቆች ድረ ገጽ መሥራት ነው። አባዬ ገና ከሐኪሙ ሳይመለስ በርሮ መጣና ወንበሩ ላይ ተሰየመ። የማንን ነገር እንደማሳድድ አልነገርኩትም፤ «ከዚህ ማሽን ላይ ይህን ሽማግሌ አጥፋልኝ» ብቻ አልኩት።

«ታሪኩ ባዶ ነው እኮ፣ እትዬ» አለ እየነካካ። «የተከፈቱትን ገጾች የሚመዘግበውን ማለቴ ነው። የሆነ ሰው በየቀኑ ይጠርገዋል።»

ማን እንደሚጠርገው አውቄያለሁ።

«ከተጠረገ ታዲያ ሰውዬው ከየት ይመጣል?»

«እሱ በታሪክ አይመጣም። በኩኪ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከሥሩ ንገረኝ።»

«አንድ ገጽ ስትከፍቺ ገጹ እዚህ ማሽን ላይ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል። ነገ ስትመለሺ ምልክቱን ያይና ‹ይህቺማ የትናንቷ ናት› ይላል። እሱ ባይኖር ፋይል የምትልኪበት ገጽ አንዴ ከገባሽ በኋላም ‹ማን ነሽ? ማን ነሽ?› ሲልሽ ይውል ነበር።»

«ይሄማ ደግ ነው።»

«ደግ ነው። ክፋቱ፣ የከፈትሽው ገጽ ብቻውን አይደለም። ውስጡ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ሌሎች አሉ፤ አንቺ የማታውቂያቸው። እነሱም የየራሳቸውን ምልክት ይተክላሉ። እነዚያው ሰዎች ዜናውም ገጽ ላይ አሉ፣ ጫማ ሱቁም ውስጥ አሉ። የትም ብትሄጂ ምልክታቸውን አይተው ‹ቅድም የጆሮ መሣሪያ ሱቅ የገባችው መጣች› ይላሉ።»

«እኔ ሳልፈቅድ?»

«ኧረ ፈቅደሻል!» ሳቀ። «ይኸው ላሳይሽ።»

የጆሮ መሣሪያ የሚሸጠውን ሱቅ ገጽ ከፈተው። ወዲያው ከታች አንድ ሰፊ ሣጥን ተነሣ። «የግል ሕይወትዎን እናከብራለን» ይላል። ከሥሩ «ሁሉንም እቀበላለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ፣ አውራ ጣት የሚያህል። አጠገቡ ከግራጫው መደብ የማይለይ፣ ዓይን ያላጠበ ሰው የማያየው ጽሑፍ፦ «ምርጫዎን ያስተካክሉ»። ማሙሽ እሱን ነካው። ሌላ መስኮት ተከፈተ። እዚያም «አጋሮቻችን» የሚል አለ። እሱን ሲነካው ስም፣ ስም፣ ስም እየተግተለተለ መውረድ ጀመረ። ከስድስት መቶ ይበልጣሉ አለኝ። እያንዳንዳቸው አጠገብ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ግማሾቹ ሳይጠየቁ በርተው ነው የሚጠብቁት።

አንገሸገሸኝ። ስድስት መቶ! አንድ ሰው ስለ ጆሮው ሊያነብ አንድ ገጽ ከፈተ፤ ስድስት መቶ የማያውቃቸው ሰዎች በበሩ ቀዳዳ ዓይናቸውን ተክለው ጠበቁት። ደግሞ «እናከብራለን» ይላሉ፤ አፋቸውን ሞልተው! ሌባ እንኳ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል እንጂ «ንብረትዎን እናከብራለን» ብሎ በር አያንኳኳም።

«ይህን ጸያፍ ነገር ማን ነው የሚሠራው?» አልኩ።

ማሙሽ ጢሙን አከከ። «እኔም እሠራለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ደንበኛ ነው የሚያዘው፣ እትዬ። አረንጓዴውን ስታተልቂው አዎ የሚለው ሰው ይበዛል። እምቢ የሚለውን ሁለት ሦስት በር ጀርባ ስትከቺው ሰው ይሰለቸዋል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። በግድ አልተወሰደ፤ ሰው ራሱ ተስማምቶ ነው።»

እሳት ለበስኩ። ከእንግዲህ መደበቅም አልቻልኩ።

«አባትህም ተስማምቶ ነው?»

«የምን አባቴ?»

«በዚህ ወንበር የሚቀመጠው ማን ይመስልሃል? ታሪኩን በየቀኑ የሚጠርገው ማን ይመስልሃል? ‹አዎ በለውና አሰናብተው› የሚለውስ ማን ነው በዚህ ቤት?»

እጁ ከማውሱ ላይ ወረደ። ስክሪኑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ። «አባዬ አይሰማም?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጅ ሆኖ አጥፍቶ ሲያዝ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። አላዘንኩለትም። ያን አረንጓዴ ቁልፍ ሲያተልቅ የማን እጅ እንደሚነካው አስቦ አያውቅም፤ የማያውቀው ሰው እጅ ከሆነ ምን ቸገረው! እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ማታ ተኝቶ ያድራል፤ የእናቴ ልጅ ነው ደግሞ። እሱን ማየት ራሱ ቀፈፈኝ።

«ዛሬ ስድብሽን እቀበላለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን እናጽዳው።»

ማጽዳቱም ቀላል አልነበረም። «ሁሉንም ኩኪ ባንድ ጊዜ ባጠፋው አባዬን ከየገጹ ያስወጣዋል» አለ። «ፋይል ከሚልክበትም፣ የበር፣ የነፋስ ድምፅ ከሚገዛበትም። የይለፍ ቃሎቹን አያስታውስም። ነገ ሲመጣ ‹ማን ነካብኝ?› ይላል፤ ያኔ እንደምናውቅ ያውቃል።» ስለዚህ ወደ ብራውዘሩ ሴቲንግ ገባና የሚያስፈልጉትን እያስቀረ ሌላውን አንድ በአንድ ነቀለ። ከዚያ ከሌላ ወገን የሚመጣ ኩኪ ጨርሶ እንዳይገባ ዘጋው። እኔንም አስተማረኝ፤ ሣጥኑ ሲመጣ አረንጓዴውን ትቶ እምቢ የሚለውን እስኪገኝ መፈለግ፣ ሰው እንዲያይብህ የማትፈልገውን ነገር በግል መስኮት ከፍቶ ማንበብ፣ ሲዘጋ ምልክቱ አብሮ እንዲጠፋ። ሲያስረዳ ጎበዝ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ ያን መሥራቱ ነው የበለጠ የሚያስጠላው።

«አሁን ጠፋ?» አልኩት።

«ማሽኑን አያውቁትም። የወሰዱት ግን እነሱ ዘንድ ነው፤ እሱን ማስመለስ አይቻልም።»

ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም ይባላል። እነዚህኞቹ ከፍተዋል፤ ገብተውም ወጥተዋል። ማሙሽን ሸኝቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ማውሱን ብቻ ነበር የነካሁት፤ ግን ታጠብኩ።

በማግስቱ አባዬ ጉንጩ አብጦ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ወዲያ ወዲህ አለ። አንድ ገጽ ከፈተ፣ ሌላ ከፈተ። ሽማግሌው የለም። ቆይቶ ማዋሐጃውን መስኮት ወደ ድሮ ቦታው መለሰው። በየቀኑ መጥረጉ በመጨረሻ የሠራለት መስሎታል። ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር ዋለ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አቃተኝ።

አሳታሚዋ የመጣች ዕለት ለሙከራ የቀዳነውን የልጆች ታሪክ ልናሰማት ተዘጋጅተን ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ተራኪው ጥሩ ነው» አለች ሲያልቅ። «ጋሼ፣ የታሪኩ ልጅ ጓዳ ውስጥ ስትደበቅ ግን ዝናብ ቢኖር ደስ ይለኛል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ።»

«ምን ገዶ» አለ አባዬ። «አሁኑኑ ላሰማሽ።» ድምፅ የሚሸጥ አንድ አዲስ ገጽ ከፈተ። ያው ሣጥን ከታች ተነሣ። ያው «እናከብራለን»። ያው አረንጓዴ። የአባዬ እጅ እንደ ልማዱ ወደ አረንጓዴው ሄደ።

«አባዬ ተው!»

እጁን ለቀም አድርጌ ይዤዋለሁ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። አሳታሚዋ ከሶፋዋ ብድግ አለች።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም... ቫይረስ እንዳይገባ ነው» አልኩ። ውሸቱ ራሴንም አላሳመነኝም።

አባዬ ዞሮ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰና፣ እጄ እጁ ላይ እንዳለ፣ «እሺ፤ እምቢ የሚለው የት ነው?» አለኝ።

አሳየሁት። ግራጫውን ነካ፤ የበሩትን አጠፋፋ፤ ሌላ በር ተከፈተ፤ እሱንም ታግሦ አለፈ። አሳታሚዋ ሰዓቷን አየች። በመጨረሻ ሣጥኑ ወረደና ዝናቡ መጣ። አባዬ ከተራኪው ድምፅ ሥር አስገባው፣ ያዋሐደውንም አሰማት።

«ቆንጆ ነው» አለች። «ብቻ... ትንሽ አልወጋም? ‹ሰ› የሚሉ ቃላት ላይ?»

አባዬ ማስተካከያው ላይ የነበረውን ጣቱን አነሣ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አንቺ አውርጂው» አለ። ወደ አሳታሚዋ ዞሮም፣ «ቀጭን ድምፅ ላይ ከእኔ እሷ ትሻላለች» አላት። «ከአሁን በኋላ ሁለታችን አብረን ነን የምንሠራው። በዚህ ከተስማማሽ።»

አወረድኩት። አሳታሚዋ እንደገና አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች። «ለእኔ እሰየው ነው፤ ባንድ ጆሮ ዋጋ ሁለት!» ብላ ሳቀች። ውሉን በሚቀጥለው ሳምንት እንደምንፈራረም ተነጋግረን ሸኘኋት።

ስመለስ አባዬ ስክሪኑን አጥፍቶ ተቀምጧል።

«ወንበሩን ስለቅልሽ አልደነገጥሽም። ማሙሽም ያውቃል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ተይ እንግዲህ።»

«ያውቃል» አልኩ።

«ማን ነገራችሁ? የጆሮ ሐኪሙ ነው?»

ስለ ሽማግሌው ነገርኩት፤ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ስድስት መቶዎቹ። «ታሪኩን በየቀኑ አጠፋ ነበር እኮ» አለ። ታሪክና ኩኪ ሌላ ሌላ መሆናቸውን ማሙሽ እንዳስረዳኝ አስረዳሁት። ፊት ለፊቱ ዞሬ፣ ቀስ ብዬ። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ፤ ልብሱን ሲቀይር መጋረጃው ክፍት እንደነበረ የተነገረው ሰው መሰለ።

«መሣሪያውን ልትገዛ ኖሯል?» አልኩት።

«ኧረ መሣሪያውን እንኳን አላየሁትም። እዚያ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ ነበር። ‹ለልጆችዎ እንዴት ይነግሯቸዋል?› የሚል። እሱን ነው የማነበው የነበረው። ደጋግሜ አነበብኩት።» ያበጠ ጉንጩን ዳበሰ። «ቀን መርጬ፣ ሁለታችሁንም ምሳ ጠርቼ ልነግራችሁ ነበር። ቃሉን ነበር የምፈልገው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተሰረቀው ምስጢር መስሎኝ ነበር። ለካ የተሰረቀው መንገሩ ነው። አንድ አባት ልጆቹን ምን ብዬ ላስደንግጣቸው ብሎ ሲጨነቅ፣ ጭንቀቱን አይተው «ይህ ሰው ይገዛል» አሉ። ምራቄን ማን ላይ እንደምተፋው አጣሁ፤ ፊት የላቸውም እኮ። በሩን ዘጋሁና ተራኪ የሚቀመጥበትን ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ንገረኝ» አልኩት።

«ታውቂ የለም እንዴ?»

«ካንተ አልሰማሁም።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «መጀመሪያ የሄደብኝ የቁልፍሽ ድምፅ ነው» አለ። «ድሮ ገና ደጅ ሳለሽ፣ ከቦርሳሽ ስታወጪው እሰማው ነበር። አንድ ጠዋት ከኋላዬ ቆመሽ አገኘሁሽ። ሥራ ላይ አተኩሬ መሰለሽ። አልነበረም፣ ልጄ። ጠዋቱን ሙሉ ሲያመኝ ዋለ። ከዚያ የወረቀት ድምፅ ሄደ። ከዚያ ተራኪዎቹ ‹ሰ› ማለት የተዉ መሰለኝ፤ ተቆጣኋቸው፣ ምስኪኖቹን...»

እጁን ይዤ አዳመጥኩት። የሚያስደነግጠው ቦታ ላይ ደነገጥኩ፣ «ውይ አባዬ» የሚባልበት ቦታ ላይ «ውይ አባዬ» አልኩ። እሱም እያየኝ፣ ሲጨነቅበት የከረመውን እስከ መጨረሻው ነገረኝ። እንደ አዲስ ልሰማው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አባቴ ቃል ሲመርጥለት የከረመውን ነገር አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጥርሱን አግጥጦ ቀድሞ ነግሮኛል።